ልጄ የቴሌቪዥን ሪፖርተር ሆና ሱ ፎልስ ልትሄድ ነው፤ ምን ትላላችሁ?

የዲሲው ባለታክሲ (ሲልቨር ስፕሪንግ)

ጤና ይስጥልኝ ወገኖች። ምክር ፈልጌ ነው። ከረዘመባችሁ ይቅርታ፣ ኤርፖርት ተራ እየጠበቅኩ ነው የምጽፈው።

ልጄ ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲ ጨረሰች። ያጠናችው ጋዜጠኝነት ነው። እናቷ ፋርማሲ እንድትገባ ያልለመነቻት ልመና የለም፣ አልሆነም። አሁን ሥራ አገኘች። ሥራው ግን ሳውዝ ዳኮታ፣ ሱ ፎልስ የሚባል ከተማ ነው። ከ30 ዓመት በላይ እዚህ አገር ስኖር ስሙን ሁለት ጊዜ ብሰማ ነው። የሁለት ዓመት ኮንትራት ፈርሚ ብለዋታል፤ ካሜራውን ራሷ ትሸከማለች፣ ራሷ ትቀርጻለች፣ ራሷ ኤዲት ታደርጋለች፣ መኪናውንም ራሷ ትነዳለች። ደሞዙን ስትነግረን እናቷ "ይሄ ለስንት ወር ነው?" አለቻት። ለዓመት ነው።

እናቷ "በኔ ሬሳ ላይ" ብላለች። እኔ መሃል ላይ ነኝ። ለምን መሃል እንደሆንኩ ልንገራችሁ።

የመጣሁት እ.ኤ.አ. በ1990 ነው። የመጀመሪያ ሥራዬ መሃል ዲሲ የማታ ፓርኪንግ ነበር። ቲኬት የምንቆርጥባት ጠባብ ክፍል ውስጥ አንዲት ጥቁርና ነጭ ቴሌቪዥን ነበረች። ከኔ በፊት የነበረው ሐበሻ ነው ትቷት የሄደው። አንቴናዋ ላይ የሲጋራ ፓኮ ብልጭልጭ ወረቀት ጠምጥሞበታል። አጥርታ የምትይዘው ቻናል 9 የሚባለውን የዲሲ ጣቢያ ብቻ ነው። እንግሊዝኛ ኮሌጄ እሷ ናት። መምህሬ ደግሞ ብሩስ ጆንሰን የሚባል ሪፖርተር።

በዚያ ዓመት ጥር ላይ የዲሲው ከንቲባ ማሪዮን ባሪ ሆቴል ክፍል ውስጥ ኮኬይን ሲያጨስ በኤፍቢአይ ካሜራ ተቀርጾ ተይዞ ነበር። ታሰረ፣ ወጣ፣ በ1994 ሕዝቡ እንደገና ከንቲባ አድርጎ መረጠው። እኔ ግራ ገባኝ። ይሄ ሕዝብ ምን ነካው? ከአናኮስቲያ ወንዝ ማዶ፣ በድሃው የዲሲ ክፍል ያሉ እናቶች "ልጄን የክረምት ሥራ ያስገባልኝ እሱ ነው፣ ያኔ ሌላ ማን ዞር ብሎ አየን?" ሲሉ የሰማሁት በዚያች ቴሌቪዥን ነው። ባሪን ለዓመታት እግር በእግር የተከታተለው ብሩስ ጆንሰን ነበር። የምኖርባትን ከተማ ያወቅኳት እንደዚያ ነው። ካርታዋን በኋላ ታክሲ ስይዝ ተማርኩ፣ ሰዎቿን ግን ቀድሞ ያሳየኝ እሱ ነው።

ሰውየው የኬንታኪ ልጅ ነው፣ የሉዊቪል። ልጅ እያለ ቄስ ለመሆን ሴሚናሪ ገብቶ ነበር አሉ። ቻናል 9 በ1976 ገባ። ጣቢያው ሁለት ጊዜ ስሙን ቀየረ፣ እሱ ንቅንቅ አላለም። በ2020 መጨረሻ ጡረታ ሲወጣ 44 ዓመት ሆኖት ነበር። በ2022 አረፈ። ዜናውን ስሰማ መኪናዬን ዳር አስይዤ ትንሽ ቆምኩ። ተያይተን አናውቅም እኮ።

እና ልጄ "አባዬ፣ እንደሱ መሆን ነው የምፈልገው" ስትለኝ ምን ልበላት?

ዝምተኛው

ፋርማሲ።

ትንሿ ፕሮዲዩሰር

ጋሼ፣ እኔ እዚሁ አሜሪካ አንድ የአካባቢ ጣቢያ ውስጥ ፕሮዲዩሰር ነኝ። ጣቢያውን አልጠራም፣ እንጀራዬ ነው። ሐበሻ ወላጅ ይሄን ሥራ እንዴት እንደሚያይ አውቃለሁ። አባቴ ለሦስት ዓመት ለዘመድ "ኮምፒውተር ላይ ነው የምትሠራው" ሲል ኖሯል።

መጀመሪያ ሱ ፎልስ አያስደንግጥዎ። አሜሪካ በቴሌቪዥን ገበያ 210 ቦታ ተከፍላለች። አንደኛ ኒውዮርክ ናት። ዲሲ ከመጀመሪያዎቹ አሥር ውስጥ ናት። መጨረሻ 210ኛ ላይ ግሌንዳይቭ የምትባል የሞንታና ትንሽ ከተማ አለች። ጀማሪ ዲሲ አይቀጠርም። ከታች ጀምሮ ነው የሚወጣው፤ ሁለት ዓመት እዚህ፣ ሦስት ዓመት እዚያ። ብሩስ ጆንሰን ራሱ ዲሲ የገባው ሲንሲናቲ ሠርቶ ነው። ሱ ፎልስ ለጀማሪ መጥፎ አይደለም። እኔ ከዚያ ያነሰ ቦታ ነበርኩ፣ ከተማዋ ውስጥ ከሰው ላም ይበዛል።

ሥራው ምን ይመስላል? ጠዋት ስብሰባ አለ። ባዶ እጅሽን አትገቢም፣ ሁለት ሦስት የዜና ሐሳብ ይዘሽ ነው። አንዱ ያልፋል። ከዚያ ስልክ። "ካሜራ ፊት ያናግሩኛል?" "አላናግርም" "እሺ አመሰግናለሁ።" ይሄ እስከ እኩለ ቀን ሊደገም ይችላል። አንድ እሺ ያለ ሰው ሲገኝ 50 ማይል ነድተሽ ትሄጃለሽ። ትሪፖዱን ትተክያለሽ፣ ማይክ ታደርጊያለሽ፣ ቀይዋ መብራት መብራቷን አይተሽ ወደፊት ዞረሽ ትጠይቂያለሽ። (እኔ አንዴ ቀዩን ሳላበራ ሃያ ደቂቃ ሙሉ ከንቲባ ጠይቄአለሁ። እንደገና ለመንኩት። አልተቆጣም፣ ሁለተኛው መልሱ ግን እንደ መጀመሪያው አልጣመም።) ከሰዓት ስክሪፕት፣ ድምፅ፣ ኤዲት። በፈረንጅ ሰዓት የማታ አምስትና ስድስት ሰዓት ዜና ላይ ላይቭ። ቀኑን ሙሉ የተለፋበት ነገር አንድ ደቂቃ ከሩብ ነው። ከዚያ ያንኑ ለዌብሳይት ትጽፊዋለሽ።

ጋሼ፣ አንድ ነገር ግን አደራ። ኮንትራቱን ጠበቃ ያንብበው። ከጊዜው በፊት ከለቀቀች ገንዘብ ክፈይ የሚል አንቀጽ አብዛኛውን ጊዜ አለ። ለቃ ሌላ ጣቢያ ስትገባ ምን እንደሚከለክላትም ይታይ። ጓደኛዬ ሳታነብ ፈርማ እናቷ ታማ መሄድ አቃታት።

አራት ቁጥር

ጋሽ ባለታክሲ፣ ብሩስ ጆንሰንን አልነካብዎትም። ግን እኛ የቻናል 4 ተመልካቾች ነን። ዜና አንባቢው ጂም ቫንስ! በ1969 ገብቶ በ2017 እስኪሞት ድረስ። ጋዜጠኛ ከመሆኑ በፊት ፊላደልፊያ አስተማሪ ነበር። ጆሮው ላይ ሎቲ፣ ከሥራ ሲወጣ ሃርሊ ሞተር። በ80ዎቹ ኮኬይን ሱስ ውስጥ ገብቶ ታክሞ ተመለሰ። ደብቆ አልኖረም፣ በግልጽ ይናገረው ነበር። ሰው በዚያ ነው የወደደው።

የኛ ምግብ ቤቶች ካሉበት ዩ ስትሪት ዞር ስትሉ ቤንስ ቺሊ ቦል የሚባለው ምግብ ቤት ግድግዳ ላይ ሥዕሉ አለ፣ ከኦባማና ከሚሼል ጋር። በ2017 ሰኔ ተመረቀ፣ በወሩ እሱ አረፈ። ስንት ጊዜ ከፊቱ ፓርኪንግ ፈልጌአለሁ መሰላችሁ።

ዝምተኛው

የቻናል 4 ሪፖርተሩ ፓት ኮሊንስስ? የበረዶ መለኪያ ዱላውን ይዞ ከወጣ እኔ ታክሲ አላወጣም ነበር። በ2022 ጡረታ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ትንበያ ማመን አቆምኩ።

ነጭ ቫን

እኔ ደስታችሁን ላደፍርስ። የአካባቢ ዜና እንዲህ እንደምታወሩት ቅዱስ አይደለም። ጥይትና እሳት ከሌለ የማታው ዜና አይከፈትም። እኔ የነጭ ቫን ሹፌር ነበርኩ፣ በዚያ በ2002 ጥቅምት።

ለማታስታውሱ፦ ሦስት ሳምንት ሙሉ ሁለት ተኳሾች በዲሲ ዙሪያ ሰው ሲለቅሙ ከረሙ። አሥር ሰው ሞተ። ነዳጅ ሲቀዳ፣ ሣር ሲያጭድ፣ ዝም ብሎ ሲሄድ። ነዳጅ ማደያዎች ሸራ ጋረዱ። እኛም ቧንቧውን ሰክተን መኪናው ጀርባ እንቀመጥ ነበር። ቴሌቪዥኑ ጠዋት ነጭ ቫን፣ ማታ ነጭ ቫን፣ ነጭ ጭነት መኪና። እኔ ደግሞ ለሐበሻ ሱቆች እንጀራ የማከፋፍለው በምንድን ነው? በነጭ ቫን።

በሁለት ሳምንት አራት ጊዜ አስቆሙኝ። አንዴ ከኋላ በሩን ከፍተው መሣሪያ ደግነው ገቡ። ፖሊሱ የእንጀራውን ፕላስቲክ በጣቱ ጫን ጫን አደረገና "ምንድን ነው?" አለኝ። እጄን አናቴ ላይ አድርጌ "ዳቦ" አልኩት። ከመንገዱ ማዶ የቴሌቪዥን ካሜራ ቆሟል። ማታ ሚስቴ አየችኝ፣ ከአንገት በላይ አይታይም፣ ጃኬቴን አወቀችው። ሪፖርተሩ ቀርቦ ስሜን እንኳን አልጠየቀኝም።

ገዳዮቹ መጨረሻ ላይ በምን ተያዙ? በሰማያዊ ሸቭሮሌ ካፕሪስ። እስከ ዛሬ ይቅርታ የጠየቀኝ የለም።

አራት ቁጥር

ነጭ ቫን፣ ሆዴን ነው ያቆሰልከው፣ እንጀራው ላይ ግን ሳቅኩ ይቅር በለኝ። ሐቁን ግን ሙሉውን እንናገር። የካፕሪሷ ታርጋ ቁጥር በሚዲያ ከወጣ በኋላ እኮ ነው ሰው መንገድ ዳር ማረፊያ ላይ ቆማ አይቷት የደወለው። ሁለቱም ውስጧ ተኝተው ተያዙ። ነጩን ቫን ያወራው አፍ ነው ታርጋውንም ያወራው።

ነጭ ቫን

እሱን አልክድም። ስሜን አልጠየቀኝም ነው ያልኩት።

ትንሿ ፕሮዲዩሰር

ነጭ ቫን፣ ልክ ነህ፣ ዝም ብዬ ልከላከል አልችልም። ፖሊስ የነገረንን መልሰን ማውራት ቀላል ነው፣ ቶሎ ያልቃል። ሰው ማናገር ነው ጊዜ የሚወስደው። ጊዜ ደግሞ የለንም ብለን እናስባለን።

እህታችሁ ነርሷ (አሌክሳንድሪያ)

እኔ ስለ ብሩስ ጆንሰን ሌላ ነገር ልጨምር። በ1992 ገና በአርባዎቹ መጀመሪያ ላይ እያለ ልቡ ከዳችው፣ ሃርት አታክ። ተረፈ። ከዚያ ዝም አላለም። ስለ ልብ በሽታ በየመድረኩ ይናገር ነበር፣ ከሃርት አታክ የተረፉ ሰዎችን ታሪክ ሰብስቦ መጽሐፍ አወጣ። በ2018 ደግሞ ሊምፎማ የሚባል ካንሰር ያዘው። ሕክምናውንም ለተመልካቹ አሳየ። ጸጉሩ ሲረግፍ ሁሉ።

ለምን ይሄን አነሳሁ? እኔ ቅዳሜ ቅዳሜ ቤተክርስቲያን ደም ግፊት እለካለሁ። የኛ ወንዶች፣ በተለይ እናንተ ባለታክሲዎች፣ ክንዳችሁን ለመስጠት ሽማግሌ ይላካል እንዴ? "ደህና ነኝ፣ ቡና ጠጥቼ ነው፣ ሳምንት እመጣለሁ።" አንድ ጋሼ 190 በ110 ሆኖ "ትናንት ክትፎ ስለበላሁ ነው" ብሎኝ ሄዷል። ታዲያ አንድ ቀን የመጡትን አንድ አባት "ዛሬ ማን ላከዎት?" ብላቸው "ያ የዘጠኙ ጥቁር ሰውዬ ታሞ አየሁት፣ እንደኔ ጠንካራ ነበር እኮ" አሉኝ። እኔ ስንት ፍላየር በትኛለሁ። አንድም ሰው በፍላየር መጥቶ አያውቅም።

ወንድሜ ባለታክሲው፣ ግፊትህን ተለክተሃል?

የዲሲው ባለታክሲ

ሳምንት እመጣለሁ።

(እህቴ ቀልዴን ነው፣ መድኃኒት ላይ ነኝ።)

ትንሿ፣ አመሰግናለሁ፣ ኮንትራቱን ጠበቃ ጋ ወስደነዋል። አንድ ደቂቃ ከሩብ ስትይ አንድ ነገር አስታወሰኝ። በ2008 ከንቲባ ፌንቲ የታክሲውን ሂሳብ በከተማ ክፍል ከሚቆጠር ዞን ወደ ሜትር ሲቀይሩብን ተቃውመን ነበር፣ ሥራ ሁሉ አቁመናል። ያኔ አንዲት ሪፖርተር መኪናዬ ውስጥ ገብታ 40 ደቂቃ አብራኝ ዞረች። የዞኑን ካርታ ጉልበቷ ላይ ዘርግታ ይሄ መስመር ምንድን ነው፣ እዚህ ሲሻገር ስንት ይሆናል፣ ትራፊክ ሲዘጋ ማን ይከስራል፣ አንድ በአንድ ጠየቀችኝ። እኔም ክራቫት አስሬአለሁ። ማታ ቤተሰብ ሰብስበን ስናይ የወጣሁት ሦስት ሰከንድ ነው። ያውም መሪ የያዘው እጄ ብቻ። ሚስቴ እስከ ዛሬ "ባለ እጁ" ትለኛለች።

ግን ዜናው ትክክል ነበር። ስለ ዞኑ የነገርኳት ሁሉ በሷ አፍ ወጥቷል።

ባለ ሌንሱ (ድሮ አዲስ አበባ፣ አሁን ቨርጂኒያ)

እኔ አገር ቤት ካሜራማን ነበርኩ። ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ተጀምሮ እኔ ስገባ ቤታካም የሚባለው ካሜራ ላይ ደርሷል። ከነባትሪው ትከሻ የሚቆርጥ ዕቃ ነው። እስከ ዛሬ ቀኝ ትከሻዬ ከግራው ዝቅ ይላል።

የባለታክሲው ልጅ ብቻዋን ትሄዳለች ሲባል ገረመኝ። እኛ ለአንድ ዜና ሪፖርተር፣ ካሜራማን፣ የመብራት ሠራተኛና ሾፌር ሆነን ነበር የምንወጣው። ሾፌሩ ከሁላችን በላይ ጋዜጠኛ ነው። የት ሻይ ቤት ማን እንደሚያወራ የሚያውቀው እሱ ነው። ክፍለ ሀገር ስንወጣ ካሴቱን በአውሮፕላን ወይም በአገር አቋራጭ አውቶቡስ ለሾፌር አደራ ሰጥተን እንልካለን። እሱ ሲደርስ ዜናው ይደርሳል። አንዴ ካሴቱ በማዳበሪያ በርበሬ መሃል ተጭኖ ደርሶ ኤዲተሩ ሲያስነጥስ አመሸ።

ሪፖርተሮቹ ግን አብዛኞቹ የስብሰባ ዜና ነበር የሚሠሩት። "ባለድርሻ አካላት የተገኙበት ውይይት ተካሄደ።" አዳራሽ፣ ውሃ በላስቲክ፣ አበል፣ ወደ ቤት። ከነዚያ መሃል ግን ካሜራው ከጠፋ በኋላ ደብተር ይዞ የሚቀር አንድ ልጅ ነበር። "ሂዱ እናንተ፣ እኔ እመጣለሁ" ይላል። ሾፌሩ ይናደዳል። እሱ ከጥበቃው ጋር፣ ሻይ ከምታፈላው ጋር ቁጭ ብሎ ያወራል። እነሱ ደግሞ አዳራሹ ውስጥ ያልተባለውን ይነግሩታል።

የክልል ዘጋቢ (ከአገር ቤት)

ጋሽ ባለ ሌንሱ፣ አዳራሹ አሁንም አለ፣ ውሃውም በላስቲክ ነው። እኔ አሁን የምሠራበትን አልናገርም።

አንድ ጊዜ አንድ ወረዳ የውሃ ቦኖ ምረቃ ዘገብኩ። ሪባን ተቆረጠ፣ አንዲት እናት የመጀመሪያውን ጀሪካን ቀድተው እልል አሉ። ጥሩ ምስል ነው። አንድ ደቂቃ ከሃያ ሰከንድ ተላለፈ። ከስምንት ወር በኋላ ለሌላ ሥራ በዚያው መንገድ ሳልፍ ሴቶች ጀሪካን አዝለው ወደ ወንዝ ሲወርዱ አየሁ። ሾፌሩን አቁም አልኩት። ቦኖው ላይ ፍየል ታስሯል። እናትየዋ ካሜራ ሳልይዝ አወቁኝ።

"አንተ የቴሌቪዥኑ ልጅ! እልል ስል ቀርጸኸኝ አልነበር? አሁንስ ቅረጸኛ!"

ቀረጽኳቸው። ዴስክ ላይ ያለው አለቃዬ "ይሄን ቦኖ እኮ ዘግበነዋል" አለ። አልተላለፈም። እኔም አልተኛሁም። በማግስቱ የወረዳው ውሃ ጽሕፈት ቤት ደወልኩና "የዚያን ቦኖ ተከታታይ ዘገባ እየሠራን ነው፣ የናንተን ምላሽ ለመውሰድ ነው" አልኩ። ውሸት አይደለም፣ እየሠራሁ ነበር፣ የሚያስተላልፍ ነው ያጣሁት። ሰውየው ደነገጠ። የፓምፑ አንድ ዕቃ ተቃጥሎ ከክልል እስኪመጣ እየጠበቁ ነበር አሉ። ስምንት ወር! በሁለት ሳምንት ተጠገነ።

ስለዚህ ጋሼ፣ የማኅበረሰብ ሥራ ማለት ለኔ ያቺ ስልክ ናት። ዜና አልወጣባትም፣ አበል አልተከፈለባትም፣ ግምገማ ላይ አትቆጠርም። ልጅዎ እንዲህ ዓይነት ስልክ የሚደውል ሰው ከሆነች የትም ትሂድ።

ዝምተኛው

ፍየሏስ?

የክልል ዘጋቢ

ፈቷት። ስልኬን ያገኙት ልጃቸው ደውሎ ነው የነገረኝ።

ትንሿ ፕሮዲዩሰር

የኔ ወንድም፣ ይሄን ለአለቆቼ ተርጉሜ ባነበብኩላቸው። እዚህ የማኅበረሰብ ሥራ ኮንትራት ውስጥ ተጽፎ ይመጣል። የደብተርና የእርሳስ ማሰባሰብ፣ የምስጋና ቀን (ታንክስጊቪንግ) ተርኪ ዶሮ ማደል፣ የበጎ አድራጎት እራት መድረክ መምራት፣ ትምህርት ቤት ሄዶ ለልጆች መጽሐፍ ማንበብ። መጥፎ አይደለም፣ ሰው በእርግጥ ይጠቀማል። ግን ከፊሉ የጣቢያው ማስታወቂያ ነው፣ እናውቀዋለን። ሎጎ ያለበት ቲሸርት እንለብሳለን።

አንድ የማከብራት ሪፖርተር ግን አለች። ሐበሾች የሚበዙበት አንድ ሕንፃ ተቃጥሎ ሁላችንም ሄድን፣ ጭሱን ቀረጽን፣ ተመለስን። እሷ በሳምንቱ በራሷ መኪና ተመልሳ ሄደች። እናቶቹ እንግሊዝኛ አይችሉም፣ የሚያስተረጉመው የአሥር ዓመት ልጅ ነው። የነፃ ጠበቆችን ስልክ በእጇ ጽፋ ለልጁ ሰጠችው። ልጁ ወረቀቱን አጣጥፎ ካልሲው ውስጥ ከተተው። ይሄን የማውቀው ልጁ የአክስቴ ልጅ ስለሆነ ነው። እሷ ለማንም ተናግራ አታውቅም።

የሱ ፎልሱ

አሁን ነው ይሄን ውይይት ያየሁት። ጋሼ ባለታክሲው፣ እኔ ያለሁት ሱ ፎልስ ነው! አለን እዚህ፣ ሐበሻ ሞልቷል። አማራው፣ ኦሮሞው፣ ትግሬው፣ ኤርትራዊው። ቤተክርስቲያን አለ፣ እንጀራ አለ፣ ከቁርጥ በስተቀር ሁሉ አለ (እሱንም ከገበሬው ገዝተን እናርዳለን)።

ልጅዎ እዚህ መምጣቷ ለኛ ምን እንደሆነ ልንገርዎ። አብዛኞቻችን የአሳማ ሥጋ ፋብሪካ ውስጥ ነው የምንሠራው ወይም ሠርተናል። ከ3,500 በላይ ሠራተኛ ነበረው፣ የሚነገረው ቋንቋ ወደ 40 ይጠጋል። አማርኛ፣ ትግርኛ፣ ኦሮምኛ ሁሉ አለበት። በ2020 መጋቢት መጨረሻ ኮቪድ እዚያ ገባ። በአገሩ ካሉት ትልልቅ ወረርሽኞች አንዱ ሆኖ ስማችን ዓለም ላይ ዞረ። እኔ ሥጋ መቁረጫው መስመር ላይ ነበርኩ፣ ክንድ ለክንድ እየተነካካን የምንሠራበት። የተሰጠን ወረቀት እንግሊዝኛ ነው። ጎኔ ያለችው እህት ወረቀቱን አጣጥፋ ለልጇ ልታስነብብ ቦርሳዋ ከተተች። ልጁ ማታ ሲያነብላት ቀድሞ ታማለች። ዳነች፣ እግዚአብሔር ይመስገን።

በር ላይ ደግሞ ፈረቃ ስንቀያየር ካሜራዎች ተደርድረዋል። እኛ ኮፍያችንን አውርደን እንሮጣለን። ሥራ እናጣለን ብለን እንፈራለን። ሪፖርተሮቹ ክፉዎች አልነበሩም፣ "እባካችሁ አናግሩን" ይላሉ። ማን ያናግራል? በምን ቋንቋ? ያን ጊዜ አንዷ "እንዴት አደራችሁ" ብትለን ኖሮ እኔ ቆሜ ነበር። እውነቴን ነው፣ እግሬ ይቆም ነበር።

እኛ አዲስ አበባ የሆነውን በዩቲዩብ በደቂቃ እንሰማለን። የምንኖርበት ከተማ ምክር ቤት ምን እንደወሰነ አናውቅም።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። አንደኛ የበረዶ ጎማ። ሁለት ትልልቅ አውራ ጎዳናዎች እዚህ ይገናኛሉ፣ 29ኙና 90። በረዶና ንፋስ ሲመጣ መንገዱን በበር ይዘጉታል፣ እውነተኛ የብረት በር። መኪናዋ ውስጥ ሁልጊዜ ብርድ ልብስ፣ ሻማ፣ ውሃና ቆሎ ይኑር። ሁለተኛ ቤት ሳትከራይ ትደውልልኝ፣ ባለቤቴ የምታውቃቸው አሉ። ስልኬን በግል መልእክት ልኬያለሁ።

ነጭ ቫን

ጋሽ ባለታክሲ፣ ያልኩትን አልመልስም። ግን ትሂድ። አንድ ነገር ብቻ ንገርልኝ፦ ካሜራ የደገነችበትን ሰው ስሙን ትጠይቅ።

ዝምተኛው

ፋርማሲው ይቅር።

የዲሲው ባለታክሲ

ሰላም ናችሁ? ከአምስት ወር በኋላ ነው የተመለስኩት።

ነዳናት። ከ1,200 ማይል በላይ ነው፣ ሁለት ቀን ፈጀብን። እናቷ ኦሃዮ ድረስ አላናገረችኝም። ኢንዲያና ላይ "ቡናውን አምጣው" አለች። የሱ ፎልሱ ወንድማችንና ባለቤቱ ዶሮ ወጥ ሠርተው ጠበቁን። ቤት ተገኘላት፣ ጎማው ተቀየረ።

አለቃዋ መጀመሪያ ስሟን አሳጥሪው ብሏት ነበር። ስሟ ውስጥ "ጠ" አለ፣ ለነሱ አይወጣም። "የአየር ሁኔታ ካርታ ላይ ያለውን አስቸጋሪ የመንደር ስም ሁሉ ትጠራላችሁ፣ የኔ ያቅታችኋል?" ብላ አስቃው ቀረ። አሁን አንባቢዋ ሴትዮ "ጠ"ን ለማለት ስትሞክር አፏ ሲከፈት እናቷ ፈገግ ትላለች።

የመጀመሪያ ሥራዋ ስለ አንድ የትምህርት ቤት አውቶቡስ መስመር መቀየር ነው። ብዙ አይደለም። ግን ባለፈው ሳምንት የከተማውን የክረምት ማሞቂያ ዕርዳታ ማመልከቻ በስልኳ ቀርጻ በአማርኛ አስረድታ ለሐበሾቹ የቴሌግራም ግሩፕ ላከች። በጣቢያው አይደለም፣ ፈቃድ ግን ጠይቃለች። የሱ ፎልሱ ነው የነገረኝ፣ እሷ ለኔ ትንፍሽ አላለችም።

እናቷ? በየማታው በስልክ ከፍታ ታያታለች። ትናንት ከዜሮ በታች ሆኖ ውጭ ላይቭ ገባች። እኔ የምትለውን እሰማለሁ፣ ሚስቴ ደግሞ "ጃኬቷን እየው፣ ጃኬቷን እየው፣ ያ ጃኬት የመስከረም ነው!" እያለች ሙሉውን አሳለፈችብኝ።

የሱ ፎልሱ

ጋሼ ለእትዬ ይንገሩልኝ። ዛሬ ባለቤቴ ወፍራም ጃኬት ወስዳላታለች። ነገ ማታ ይዩ፣ ሰማያዊ ነው።